በአንድ ጎኑ የተፋቀ ቆሮሶ

መረቡ ውስጥ ከገቡት ዓሣዎች ትልቁ አንጀት አልነበረውም።

ቆጣሪዋ ሆዱን ልትቀድ ቢላዋ አንሥታ ነበር። ሆዱ ቀድሞ ተቀዷል። ውስጡ ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ ድስት መግባት ብቻ ነው የቀረው። ገለበጠችው። በግራ ጎኑ አንድ ቅርፊት የለም፤ ሙልጭ ተደርጎ ተፍቋል። በቀኝ ጎኑ ቅርፊቱ እንዳለ ነው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ አላት።

«ይሄን ዓሣ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው አግኝቶታል» አለች፣ ክፍሉ ውስጥ ከሚዛኑ በቀር የሚሰማት ባይኖርም።

ቆጣሪዋ የሚሏት የሐይቁን ዓሣ ስለምትቆጥር ነው። አንድ በአንድ አይደለም። አንድ በአንድ የሚመስለው ሰው ግን ብዙ ነው። ሥራዋ እንዲህ ነው፦ በየዓመቱ የመንጠቆ ወቅት ከመግባቱ በፊት ያንኑ መረብ፣ እዚያው ወሽመጥ ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ ትጥላለች። ጠዋት ታወጣዋለች። የገባውን ትመዝናለች፤ ሆዱን ቀዳ ምን እንደበላ፣ እንቁላል እንደያዘ ታያለች፤ ከቅርፊቱ ዕድሜውን ታውቃለች። ከዚያ ለዓሣ ሀብት ቢሮው ኃላፊ «ዘንድሮ ዓሣ አለ» ወይም «የለም» ትለዋለች። በቃ።

ወሽመጡ ደግሞ ዝም ብሎ ወሽመጥ አይደለም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚወልደው እዚያ ነው። ይከፈት ከተባለ መንጠቆ ጣይ ሁሉ ወንበሩን ይዞ እዚያው ይሰፍርና እናት ዓሣዎቹን እየለቀመ ይጨርሳቸዋል። እናቶቹ ብዙ ከሆኑ ግድ የለም፣ ይልቀም። ጥቂት ከሆኑ ግን ሐይቁ አለቀለት። ማዶው የማይታይ ሐይቅ ያልቃል ቢባል ማን ያምናል? ማንም። ለዚህ ነው እሷን የቀጠሯት።

ጣጣው፣ ኃላፊው ዓሣውን ቀድሞ አይቶታል። ሌላ ቀን ፀሐይ ካልከረረች ቢሮ የማይገባ ሰውዬ፣ ያን ዕለት ምን እንደነካው እንጃ፣ በጠዋቱ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተገትሮ ቆጣሪዋንና ጀልባ ነጂዋን ጠበቃቸው። መረቡ ሲራገፍ መጀመሪያ አረም ረገፈ። ቀጥሎ ጣት ጣት የሚያካክሉ ጥቂት ዓሣዎች። ከዚያ ያ ቆሮሶ ዱብ አለ። ኃላፊው ከመሬት አፈፍ አድርጎ እንደ አራስ ልጅ አቀፈውና ፎቶ ተነሣ።

«ሐይቅ ማለት ይሄ ነው» አለ።

«ገና አልመዘንኩትም» አለች ቆጣሪዋ።

«መመዘን ምን ያደርጋል፣ ክንዴ ዝሏል እኮ።»

ፎቶውን ለመንጠቆ ጣዮች ማኅበር ሊቀመንበር ላከው። ሊቀመንበሩ ለአባላቱ በተነው። እሷ ጓንቷን አጥልቃ ሳትጨርስ ወሬው ከተማውን ዞሮ ተመለሰ፦ ቅዳሜ ጠዋት ወሽመጡ ይከፈታል።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ቢላዋዋን ያነሣችው።

ከእሷ ሌላ መረቡ አጠገብ የሚደርስ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ጀልባ ነጂው። ጀልባ ነጂው አጎቷ ነው፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሞተሩን በጨርቅ ሲወለውል አገኘችው። ሞተሩ ንጹሕ ነበር።

«ጋሼ።»

«አቤት፣ የእህቴ ልጅ።»

«ትልቁ ዓሣ አንጀት የለውም።»

አጎቷ ጨርቁን አጣጠፈ። ዘረጋው። መልሶ አጣጠፈው።

«አንዳንዱ ዓሣ እንዲያ ነው።»

«እንዴት ነው እንዲያ?»

«እንግዲህ... አይበላም መሰለኝ።»

«የኃላፊውን ክንድ ያዛለ ዓሣ ነው አይበላም የምትለኝ?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«በግራ ጎኑ ተፍቋል።»

«ድንጋይ ላይ ይታከካሉ።»

«ሎሚ ይሸታል።»

አጎቷ ወደ ሐይቁ ዞረ። ሐይቁም የሚያቀብለው ነገር አልነበረውም።

«እናትሽን ጠይቂ» አለ በመጨረሻ። «እኔ እምቢ ብያታለሁ። እንዴት አድርጌ እምቢ እንዳልኳት ብታዪ ትገረሚ ነበር።»

«እምቢ ብለህ ምን አደረግህ?»

«ማለዳ አንቺ ሳትመጪ ሄጄ መረቡ ውስጥ አስገባሁት።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ሰሃን እያጠበች ነበር።

«እጅሽን ታጠቢ፣ ዓሣ ዓሣ ትያለሽ» አለቻት ሳትዞር። ሁልጊዜም የምትላት ይህንኑ ነው። የዛሬው ግን ውስጡ ደስታ አለበት፤ ልትደብቀው ትሞክራለች፣ እየሾለከ ይወጣል። «ደህና ነገር ያዝሽ አሉ። ጎረቤት ፎቶውን አሳየችኝ። በቀኝ ጎኑ ማንሣታቸው ጥሩ ነው።»



እናቷም የተናገረችው ዘግይቶ ገባትና በሳሙና እጇ አፏን ያዘች።

«እማ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች እናቷ፣ ጥፋተኛ ሰው ቀድሞ እንደሚቆጣው ተቆጥታ። «በየዓመቱ ባዶ መረብ እየጎተትሽ ትመጫለሽ። የሰው ልጅ ሹመት ያገኛል፣ ያንቺ አረም ነው። ያ ሰውዬ አንድ ቀን ዓይንሽን ላፈር ብሎ ያባርርሻል። ዓሣ አስጋሪ ሆኖ ዓሣ የማይዝ ሰው ማን ያኖራል?»

«እኔ ዓሣ አስጋሪ አይደለሁም።»

«ታዲያ መረብ ይዘሽ ውሃ ላይ የምትንከራተቺው ለጽድቅ ነው?»

«እቆጥራለሁ። ስንት እንዳለ ነው የማየው። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው እላለሁ።»

«ባዶ ነው ለማለት?»

«አዎ።»

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ?»

ቆጣሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ሥራ ለእናቷ ያላስረዳችበት ዓመት የለም። እናቷም በየዓመቱ አድምጣ፣ ራሷን ነቅንቃ፣ «አሁን ገባኝ» ትልና ወጥታ ለጎረቤት «ልጄ ዓሣ ትይዛለች» ትላለች።

«እሺ፣ አንጀቱን ለምን አስወጣሽው?»

«አንጀቱ ያልወጣ ዓሣ ገዝቼ አላውቅማ። ሻጩ ልማዱ ነው፣ ቢላዋውን አነሣ። እኔም ልማዴ ነው፣ ዝም ብዬ አየሁት። ግራውን ፍቆ ሲጨርስ ነው ትዝ ያለኝ። ተው አልኩት፣ ይሄ ዓሣ በሕይወት ያለ መምሰል አለበት። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሎሚ ጨመረልኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቆጣሪዋ ስቃ ትሞት ነበር። አሁንም ሳቁ ከንፈሯ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ቀድሞ መጣባት።

«አምናስ?»

እናቷ የታጠበ ሰሃን አንሥታ ማጠብ ጀመረች።

«እማ፣ አምናስ?»

«አምና ትልቅ አላገኘሁም።»

«እነዚያ ትናንሾቹ ያንቺ ነበሩ?»

«የእርባታ ናቸው፣ ከኩሬ። በባልዲ ነው ከነሕይወታቸው ያመጣኋቸው። ሲዘሉ ብታዪ። ዘንድሮም በባልዲ ላደርገው አስቤ ነበር፣ አልበቃው አለ።»

ቆጣሪዋ አምና መረቡ ውስጥ ግልገሎች ስታይ ሐይቁ እየወለደ ነው ብላ ነው ወሽመጡን ያስከፈተችው። አምና ሙሉ መንጠቆ ሲወረወር የከረመው በእናቷ ባልዲ ነው።

«መጥፎ ነገር አደረግሁ እንዴ?» አለች እናቷ፣ ፊቷን አይታ።

«አዎ» አለች ቆጣሪዋ። ማለሳለስ ይቻል ነበር። ጊዜ አልነበራትም።

ለኃላፊው እዚያው ደወለች።

«ዓሣው የገበያ ነው።»

«ዓሣ ሁሉ መጨረሻው ገበያ ነው» አለ።

«የዚህ መጀመሪያውም ገበያ ነው። እናቴ ናት ገዝታ መረቡ ውስጥ ያስገባችው። የምታባርሩኝ መስሏት።»



«አናባርርሽም» አለ ኃላፊው፣ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል።

«ወሽመጡ መዘጋት አለበት። ውስጡ ዓሣ የለም። አምናም አልነበረም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፎቶው አገር አዳርሷል። ሊቀመንበሩ አዲስ ዘንግ አስመጥቷል። ምን ብዬ ልዝጋው? አቅፌው የተነሣሁት ዓሣ አንጀት የለውም ብዬ?»

«አዎ፣ እንደዚያው ይበሉ።»

«ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብዎ።»

ኃላፊው አሰበ። «ዘንድሮን ክፍት ይሁንና ለከርሞ እናያለን።»

«ለከርሞ የሚታይ አይኖርም።»

ስልኩ ተዘጋ። ማን ቀድሞ እንደዘጋው እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ዓርብ አመሻሹ ላይ መረቡን እንደገና ጣለች። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ማቆሚያው በሰው ተጨናንቋል፤ ዘንግ፣ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ትል የታጨቀበት ጣሳ። ኃላፊው አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ንግግር እንዳለው ከሸሚዙ ያስታውቃል። ቆጣሪዋ እሱን አልፋ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ አዲሱን ዘንግ ከነልባሱ ደረቱ ላይ አስደግፎታል።

«ከመከፈቱ በፊት መረብ ማውጣት አለብኝ» አለችው። «እርስዎ ያወጡልኛል?»

«እኔ?»

«በገዛ እጅዎ።»

ሊቀመንበሩ ክብር መስሎት ዘለለና ጀልባው ውስጥ ገባ። አጎቷ ሞተሩ ጋ ነበር። እናቷ መሀል ላይ ተቀምጣለች፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ። ውሃ ትፈራለች። ትመጫለሽ ብላ ያስገደደቻት ቆጣሪዋ ናት።

«እናት፣ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዓሣውን የያዘችው እሷ ናት» አለ አጎቷ።

«የትኛውን ዓሣ?»

«ፎቶው ላይ ያለውን። ከገበያ።»

ወሽመጡ እስኪደርሱ እናቷ ሁሉንም ነገረችው፤ ባልዲውን፣ ሻጩን፣ ግራውን ጎን፣ ሎሚውን። መናገር ስትጀምር ፍርሃቷም ለቀቃት፤ እጇን እያወራጨች ነው ያስረዳችው። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ሰማ። ሎሚው ላይ ሲደርሱ ሳቁ ገነፈለ፤ ጀልባው ወዲያና ወዲህ አለ፣ አጎቷም «ኧረ እንዳንገለበጥ» እያለ አብሮት ሳቀ። ቆጣሪዋ ገመዱን ይዛ ጠበቀቻቸው። ሲያበቁ አቀበለችው።

ሊቀመንበሩ እንባውን ጠርጎ መሳብ ጀመረ። አረም መጣ። ሳበ። አረም። ሳበ። ጣት የምታክል አንዲት ዓሣ። ሳበ። መረቡ አለቀ፤ እሱ ግን እጁን ውሃው ላይ ዘርግቶ የቀረውን ጠበቀ።

«የታለ ሌላው?»

«ይሄው ነው» አለች ቆጣሪዋ።

«አንቺ ግን አስተካክለሽ ጥለሽዋል?»

«በየዓመቱ የምጥልበት ቦታ ነው።»

ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ውሃውን አየ፤ ማዶው የማይታየውን ሐይቅ አየ፤ ዘንጉን አየ። ትንሿን ዓሣ ከመረቡ ሊያላቅቃት ሞከረ፤ ጣቱ ወፍራም ነውና የቆጣሪዋ እናት ተቀብላው አላቀቀቻትና ወደ ውሃ ለቀቀቻት።

«ለምን ያህል ጊዜ ይዘጋ?»

«ሁለት ዓመት። ሊበልጥ ይችላል።»

«ያኔ ይኖራል?»

«ከተዉት ይኖራል። ቃል አልገባልዎትም።»

«አባላቱ ይበሉኛል።»

«ፎቶውን የበተኑት እርስዎ ነዎት።»

ሊቀመንበሩ ተነፈሰ። «እሺ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። አለቃሽ ሲናገር አያምኑትም፤ ዓሣ ታቅፎ አይተውታል።»

እናቷ ባዶውን መረብ ጭኗ ላይ ሰብስባ ጫፉን እያገላበጠች ታየው ነበር።

«በየዓመቱ ይሄን ነው የምትቆጥሪው?»

«ይሄን ነው።»

«ሰዉ ደግሞ አለ ይልሻል።»

«ይለኛል።»

«አስቸጋሪ ሥራ ነው» አለች እናቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሲመለሱ ሊቀመንበሩ ሰዎቹ መሀል ገብቶ ተናገረ። ጫጫታ ሆነ። አንዱ ተሳደበ፣ አንዱ የባልዲውን ነገር ሰምቶ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ሳቀ፣ አንዱ ትሉን የት ላድርሰው አለ። ኃላፊው ሸሚዙን እያስተካከለ መጣ።

«ግማሹን ብቻ ብንከፍተውስ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለዓይን ያህል።»

ቆጣሪዋ ከመጋዘን ተንሳፋፊ ኳስ የተጠላለፈበትን ረጅሙን ገመድ አወጣች፤ ወሽመጡ ዳር ላይ አንዱን ጫፍ ለእናቷ አስያዘች፤ ሌላኛውን ይዛ ጀልባው ላይ ወጣችና በወሽመጡ አፍ ላይ እስከ ማዶው ዳር ድረስ ዘርግታ ዘጋችው።