እምቢተኛው ቶርኖ

የቶርኖዬ፣ የብረት መቅረጫ ማሽኔ፣ ሞተር ወደ ግራም እንዲዞር ብዬ አቅጣጫ የሚቀይር ማብሪያ ገዛሁና ከጠዋት ጀምሮ ከሽቦ ጋር ስታገል ዋልኩ። ወደ ቀኝ አስነሳዋለሁ፤ እየተሽከረከረ እያለ ማብሪያውን ወደ ግራ እገለብጣለሁ፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ቀኝ ይከንፋል። በካቻቢቴ ፈታሁት፣ ከማብሪያው ጋር የመጣውን የሽቦ ስዕል እያየሁ መልሼ አሰርኩት። ያው በገሌ! ስዕሉን የሣለውንም፣ ማብሪያውን የሸጠልኝንም ረገምኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች። «ኧረ በናትህ፣ ጆሯችን ደነቆረ! ና ምሳህን ብላ።»

«ይሄ ነገር ሳይመለስ እህል አልቀምስም!» ብዬ ማብሪያውን በቡጢ ወደ ግራ መታሁት። አሁንም ወደ ቀኝ።

ገባ አለችና እጇን ሰድዳ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ዘጋችው። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ።

ደሜ ፈላ። «ማን ንኪ አለሽ?» ብዬ መልሼ አበራሁት።

ቶርኖው ወደ ግራ ዞረ።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ሽቦው ከመጀመሪያውም ልክ ነበር፤ ሞተሩ አቅጣጫ የሚቀይረው መጀመሪያ ሲቆም ብቻ ነው።

«ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ? አስቆምኩት» አለችና ወደ ቤት አመራች። «ምነው ላንተም እንዲህ ያለ ማቆሚያ በኖረኝ!»