የተሸካሚ ዋጋ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል የአንድ ለአምስት ቡድን ነበር፤ በወረቀት ላይ የሚያጠና፣ በተግባር ግን የሚጫወት። የቡድኑ መሪ ወንዳወቅ ነው። ጨዋታውን ከባሕር ዳር ያመጣለት የአክስቱ ልጅ ነበር። ዓለም ጠፍታለች ይባላል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከጥፋቱ የተረፈ አንድ ሰው ይሆናል፤ መሪው ደግሞ በየመንገዱ የሚገጥማቸውን ይነግራቸዋል።

ወንዳወቅን ግን ታሪኩን ከመንገር ይልቅ የሚያስደስተው ዋጋ መተመን ነበር። በጠፋችው ዓለም ብር አይሠራም፤ መገበያያው ጥይት ነው። አንድ ጄሪካን ንጹሕ ውኃ ሦስት ጥይት፣ ጫማ ማሰፋት ሁለት፣ ቁስል ማጠብ አራት። ዋጋ ያልወጣለት ነገር ካለ እንቅልፍ ይነሳዋል። ልጁ በሒሳብ ሰነፍ አልነበረም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ቀን በጨዋታው ውስጥ ከቡድኑ ልጆች አንዷን ያምሮትን እባብ ነደፋት።

«ወደ ሰፈር ተሸክማችሁ አድርሱኝ» አለች።

«ለአንድ ተሸካሚ አሥር ጥይት። አራት ሰው ያስፈልግሻል» አላት ወንዳወቅ።

«ያለኝ አሥራ ሁለት ነው። ጎረቤት የለኝም እንዴ?»

«ዓለም ጠፍታለች እኮ! ምን ጎረቤት አለ?»

ያምሮት መንገድ ላይ ሞተች፤ ሁሉም ሳቁ። ወንዳወቅም በዋጋው ኮራ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እናቱ ሀብትነሽ በጠና ታመሙ። ከማንኩሳ ማዶ ያለው ቀያቸው ዝናብ ከገባ መኪና አያስገባም። ስለዚህ የአገሩ ሰው እንደ ወጉ በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ትከሻ እየተቀያየረ ሆስፒታል አደረሳቸው። ወንዳወቅ ከትምህርት ቤት ሮጦ ሲደርስ እናቱ ገብተዋል፤ ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ግንቡ ሥር አርፈዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አነሰበት። ለቤት ኪራይ የያዛትን ብር ከኪሱ አወጣና፣ ወራት ሙሉ የለመደው አፉ ቀደመው።

«አያ ላቀው፣ ለአንድ ሰው ስንት ላስብላችሁ?»

በዕድሜ የሚበልጡት አያ ላቀው ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሀብትነሽ የድንች ጆንያ ነበረች እንዴ፣ ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

ቃሬዛቸውን አንሥተው ተነሡ። ምሳ ቅመሱ ተብለው ቢለመኑም እሺ አላሉም።

ከተሸካሚዎቹ ጋር የመጡት አባቱ ባዬ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለው። «ነገ እኔን ማን የሚሸከመኝ ይመስልሃል?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ወንዳወቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያምሮት የጠየቀችው ትዝ አለውና ይበልጥ አፈረ።

እናቱ ድነው ቤታቸው ገቡ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እሱም አገር ቤት ወረደ። ሰው ሰላም ይለዋል፤ ግን አጠገቡ አይቆምም። አንድ ነገር ብቻ ቆርጦ ነበር፦ ቀጣዩ በሽተኛ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ ትከሻውን ሊሰጥ። ነውሩን ይህ ካላጠበለት ሌላ የሚያጥብለት የለም።

ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ታመሙ ተብሎ ጥሪ ተሰማ። ወንዳወቅ ሮጦ ቀድሞ ደረሰና የቃሬዛውን የፊት እንጨት ጨበጠ። አያ ላቀው መጥተው እጁን አዩ።

«ልቀቅ፣ ልጄ» አሉ። ቀልድ አልነበረም። «ያንተን ሒሳብ እኛ አንችለውም።»

ለቀቀ። ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው፤ እሱ ከኋላ ተከተለ። የደከመው ሁሉ የሰው ስም እየጠራ «ተቀበለኝ!» ይላል፤ የተጠራው ሮጦ ትከሻውን ያስገባል። የወንዳወቅን ስም የጠራ የለም። ቢሆንም አልተመለሰም፤ ዳገቱንም ወንዙንም አብሯቸው ተሻገረ።

አስፋልቱ ሊታይ ሲል ተራው የአባቱ ነበር። ባዬ አርጅተዋል፤ ቶሎ ደከሙ። የሚቀበላቸው ፍለጋ ዞር አሉና ልጃቸውን አጠገባቸው አዩት። ወንዳወቅ ትከሻውን አዘጋጅቶ ጠበቀ።

«ደጀኔ» አሉ ባዬ የጎረቤታቸውን ልጅ ጠርተው፤ «ተቀበለኝ።»