ገና ያልተወለዱት እማማ አስካለች

ፍቅረማርያም በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ቅናት ይይዘኛል ብሎ አላሰበም። ያዘው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለ አንድ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። እንጦጦ ላይ ያሉትን አዛውንት በየደጃቸው ቁጭ ብሎ አዳምጧቸዋል፤ ኮምፒውተሩንም ማንም ሳያስተምረው ከስልኩ እያነበበ ለምዶታል። ሲፋን የምትባል ልጅ ከመሪ ሰፈር እየተመላለሰች መሥራት በጀመረች በሦስተኛ ሳምንቷ ግን፣ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሐመልማል በሰው ሁሉ ፊት፣

«እሷን እዩልኝ! ፍቅረማርያም ሳምንት የሚፈጅበትን ዝርዝር በአንድ ጠዋት አወጣችው እኮ!» አሉ።

ሳቀ፤ በጥርሱ ብቻ።

ዝርዝሩ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ስም ነው። ሐሙስ የዓይን ሐኪም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያያቸዋል፤ ስሙ የሌለ ሰው እስከ ከርሞ መጠበቁ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ፍቅረማርያም ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ቆመ። የእንጦጦዋ እማማ አስካለች የሉም።

ሲፋን ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ለኮምፒውተሩ የሰጠችውን ትእዛዝ ከፍቶ አየ። መዝገቡ የትውልድ ዓመትን የሚይዘው በሁለት አሃዝ ብቻ ነው፤ አዛውንቱም፣ የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆችም እዚያው ናቸው። እሷም እስከ 25 ያለውን «ሁለት ሺህ»፣ ከዚያ በላይ ያለውን «አሥራ ዘጠኝ መቶ» ብለህ ቁጠር ብላዋለች። ሃያ አምስትን የወሰደችው ስክሪኑ ጥግ ላይ ከሚታየው የፈረንጅ ዓመት ነው። መዝገቡ የተጻፈው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እኛ ደግሞ ገና 2018 ላይ ነን። በ1921 የተወለዱት እማማ አስካለች ለመወለድ ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል።

ደስ አለው። ምን ይደበቃል፣ ደስ አለው። ሐሙስ ሐኪሙ የቀረባቸው ሁሉ ሲጮሁ ያኔ ሲፋንን ያዩዋታል! ወረቀቱን እንደነበረ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ሊጸልይ ቆሞ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ሲደርስ ምላሱ ተያዘ።

ረቡዕ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

«ፍቅሬ፣ አንተ ነህ?» እማማ አስካለች ናቸው፤ በጎረቤት ስልክ።

«እኔ ነኝ እማማ። እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ሐኪሙ ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? ደጅ ፀሐይ ላይ ልቀመጥለት ነው፤ ቤቱ ጨለማ ነው ብሎ እንዳይመለስብኝ።»

ዓይኑ ሲፋን ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ዝርዝር ሄደ።

«ፊትህ ከጠፋኝ እኮ ስድስት ዓመቴ» አሉት። «ሸበትክ እንዴ?»

«ሸበትኩ እማማ።»

«እሱንስ ሳላይ አልሞትም!» ብለው ሳቁ።

ስልኩን ዘግቶ አማተበ። ከዚያ ሲፋን ጠረጴዛ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«ሃያ አምስቱን አሥራ ስምንት አድርጊው።»

«ለምን ጋሼ?»

አስረዳት። እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጉዴ! ታዲያ መቶ ያለፋቸውስ? ከሕፃናቱ ጋር ሊቀላቀሉብኝ ነው።»

«ሁለት ናቸው፤ ስማቸውን አውቃለሁ። በእጃችን እንጨምራቸዋለን።»

አዲሱ ዝርዝር ሲወጣ ዘጠኝ ሰው ተጨመረ። ሲፋን ወረቀቱን ይዛ ወደ ወይዘሮ ሐመልማል ሮጠች። «እኔ ተሳስቼ ነበር! ጋሼ ናቸው ያገኙት!» አለች፣ ስህተቷን ማመን እንደ ሰላምታ ቀሏት።

ፍቅረማርያም እንደገና ቀናባት። የአሁኑ ቅናት በፍጥነቷ አልነበረም።

«ጎሽ ፍቅረማርያም!» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል። «ዛሬ ጠዋት ነው ያየኸው?»

«አይደለም» አለ፣ ዓይኑን ከሲፋን ሳያነሳ። «ትናንት ነው። አይቼ ዝም ብዬ ነው።»