የተደፋው ድንጋይ ፊት

ዴቭሌታ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የዚያን ድንጋይ ጀርባ እንጂ ፊቱን አይታ አታውቅም። በፕሪም ዛፎቿ መካከል በግንባሩ የተደፋ፣ በሬ የሚያክል የመቃብር ድንጋይ ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ድንጋዮች ዛሬም ቆመዋል። ሁሉም፣ ሮም መናፍቃን ብላ ያወገዘቻቸው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ደብዛቸው የጠፋ የቦስኒያ ክርስቲያኖች መቃብር ናቸው።

ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሦስት ክረምት ሙሉ የእነዚያን ሰዎች ፊደል ስታጠና ከርማለች። አንድ ባለሙያ የተደፋውን አይቶ፣ "ባዶ ነው፣ አይልፉ" ብሏት ሄዶ ነበር። ዘንድሮ ግን ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር ሳምንት ሙሉ ዘነበና ከድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ከታች ወዳለው ወንዝ መናድ ያዘ። ዴቭሌታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ዮዞ ሮጠች።

"ዮዞ! ትራክተርህን አስነሳ!"

"ምነው፣ ቤት ተቃጠለ?"

"ድንጋዩ ወንዝ ሊገባብኝ ነው!"

"ይግባዋ! ያንቺ ዘመድ ነው?"

"ያንተ ቢሆንስ?"

"የኔ ዘሮች ካቶሊኮች ናቸው።"

"የኔም መስጊዱ ግቢ ነው የተቀበሩት። እነዚህ ካንተም ከኔም በፊት የነበሩ ናቸው። ታስነሳለህ ወይስ በእጄ ልግፋው?"

ዮዞ እየሳቀ ቁልፉን አነሳ።

በዲጅኖ ሥሩን ፈልፍለው ሰንሰለት አሰሩበት። መጀመሪያ የትራክተሩ ጎማ በቦታው ተሽከረከረና ዴቭሌታን ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ አለበሳት። በሁለተኛው ሙከራ ድንጋዩ ተነቃነቀ፤ ቀና አለ፤ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ባነጠፈችለት አሮጌ ጎማ ላይ በጀርባው ዘፍ አለ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ውኃ ደፋችበት፣ በብሩሽ ፈተገችው። ምንም የለም።

"በቃ፣ ተይው" አላት ዮዞ በለሰለሰ ድምፅ።

ወዲያው ደመናው ተገለጠና ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ድንጋዩን በጎን መታችው። ጥላ በየስርጉዱ ገባ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚጨፍሩ ሴቶች ብቅ አሉ፤ ከሥራቸው ፊደል!

"አለ! ዮዞ፣ ጽሑፍ አለ!" በጣቷ መስመሩን ተከተለች። "እዚህ ያረፈችው... ቩካቫ ናት... ሴት ናት! በክፉ ዘመን በሯን ያልዘጋች..."

"ቀጥይ እንጂ!"

"እኔን የገለበጠ... የተረገመ ይሁን።"

ዮዞ ከትራክተሩ ዘሎ ወረደ። "ወይኔ! ትራክተሩ የኔ ነው እኮ! አንቺ ሴትዮ ጉድ ሠራሽኝ!"

ዴቭሌታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "አንተ ሞኝ፣ የገለበጠ ነው የሚለው! አንተ እኮ ያቃናሃት ነህ!"

ዮዞ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መንደሩን በሙሉ መጥራት ጀመረ፤ ለእያንዳንዱም፣ "ቩካቫን አገኘናት! ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ!" እያለ ይጮኽ ነበር። ዴቭሌታ ደግሞ በጭቃ እንደተለወሰች ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ፣ አሁን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደገና ማንበብ ያዘች።