የማይሸጎጥ ሽጉጥ

ጉሙ የጋፋትን ጎጆዎች ከመሬት አላቆ ያንሳፈፋቸው ይመስል ነበር። ቄስ ወልደጊዮርጊስ የአያሌውን ደጅ ያገኙት በመዶሻው ድምፅ ነው። አያሌው ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ ጣሊያን «መሣሪያ ያለህ አስረክብ» ካለ ወዲህ ግን ሰው እያየው የሚሠራው ማረሻ ብቻ ነው።

«አንድ ሽጉጥ ስጠኝ» አሉት ገና ሳይቀመጡ። «የማይገድል።»

አያሌው መዶሻውን አስቀመጠ። «የማይገድል? ታዲያ ደወል አይሻልዎትም አባቴ?»

ቄሱ አልሳቁም። የጣሊያንን አዋጅ በዐውደ ምሕረት አላነብም በማለታቸው፣ ካሳሁን የሚባል ባንዳ መንገድ ላይ ካገኛቸው እንደማይምራቸው በገበያ መሐል ምሏል። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ በየቀኑ ይቀደሳል። በደብሩ የቀሩት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ሰው የገደለ ቄስ ደግሞ ክህነቱ ይፈርሳል።

«ብሞትም ብገድልም ቅዳሴው ይቆማል» አሉ። «ሁለቱም እንዳይሆን ነው የመጣሁ።»

አያሌው ከጭዱ ሥር አንድ የሽጉጥ ጥቅል አወጣና ፈታው። ሽጉጦቹን ለጥገና ትተዋቸው የሄዱት ሰዎች ጫካ ገብተው አልተመለሱም። በጉሙ ብርሃን ውስጥ እንደ ዓሣ ጎን ፈዘዝ ብለው ያበራሉ።

«ይቺ ጥይቷ በከበሮ የሚሽከረከርላት፣ እርጥበት አይበግራትም። ግን ሆዷ ትልቅ ነው፤ ከልብስ በላይ ታብጣለች። ይኸ ረጅሙ ሩቅ ይመታል፤ ከእንጨት አፎቱ እስኪወጣ ግን ላም ታልባ ታልቃለች። ይቺን ይውሰዱ።» ስሷን ሽጉጥ በመዳፉ መዘናት። «ከብብትዎ ትገባለች፤ ማንም አያያት። እጅዎ ሲሄድ ራሷ ትመጣለች።»

ቄሱ ሽጉጧን ከጋቢያቸው ሥር ከብብታቸው አስገቡና ሲራመዱ እንዴት እንደምትሆን ለማየት ወደ ግቢው ወጡ። በእርግጥም የለችም ያሰኛል። ከጉሙ ውስጥ እትዬ ጌጤ፣ የአያሌው ጎረቤት፣ እንስራ አዝላ ብቅ አለች።

«አባቴ፣ ይባርኩኝ» ብላ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ደፋች።

የቄሱ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ደረታቸው ሄደ። ግንባሯን አስነኩ፤ አሳለሟት። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» የሚለው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው በእጃቸው ያለውን ያዩት።

«ዛሬስ መስቀልዎ እንዴት ይበርዳል!» አለች ከንፈሯን በነጠላዋ እየጠረገች። ውኃው በጀርባዋ ላይ እየተንቦጫረቀ ጉሙ መልሶ ዋጣት።

«ባዶ ናት አባቴ» አለ አያሌው ከደጃፉ። «ጥይት የላትም።»

«እሷ አላወቀች። እጄም አላወቀ» አሉ ቄሱ። «እንዲህ የሚፈጥን እጅ፣ እኔ ሳልደርስ ይገድላል። ያን ረጅሙን አምጣው።»

«ኧረ አባቴ! የአፎቱ ዘለበት እንኳ የዛገ ነው። ሽጉጥ የተባለው እንዲሸጎጥ አይደል? ይኸን የት ሊሸጉጡት ነው? እስኪያወጡት ካሳሁን ይቀድምዎታል።»

«እስካወጣው አንድ አቡነ ዘበሰማያት አደርሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ከተኮስኩ፣ የተኮስኩት እኔ ነኝ። ጥይት አጉርሰው።»

አያሌው እያጉረመረመ አጎረሰው። ቄሱ አፎቱን በጠፍር ከወገባቸው ታጠቁት።

ጉሙ በቀትርም አልተነሣም። ቄሱ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የራሳቸው የእግር ኮቴ የሌላ ሰው ኮቴ ይመስላቸው ነበር። ከመታጠፊያው ላይ አንድ ጥላ ቆመ፤ በትከሻው ላይ ረጅም ነገር አለ። እጃቸው ዘለበቱን ያዘ። ጸሎቱን ጀመሩ። ዝገቱ ነከሳቸው፤ ጣታቸው አዳለጣቸው። የዕለት ምግባችንን ከሚለው ሲደርሱ ዘለበቱ ተፈታ፤ የሽጉጡን እጀታ ጨበጡ። ጥላው ቀረበ።

በትከሻው ያለው ሞፈር ነበር። ከኋላው ሁለት የራሱ በሬዎች ይተነፍሳሉ። ሙላቴ ነው፤ የታችኛው መንደር ገበሬ፤ ልጆቹን ሁሉ ያጠመቁለት እሳቸው ናቸው።

«ምነው አባቴ፣ ከጭቃው መሐል ቆመው?»

«ጠፍሬ… ላልቶብኝ ነው» አሉ።

ሙላቴ አፎቱን አየ፤ እንዳላየም ሆነ። ሞፈሩን አውርዶ ጎንበስ አለና ዘለበቱን ራሱ ቆለፈላቸው። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣

«ካሳሁን ከነሰዎቹ ድልድዩ ጥግ እሳት ይሞቃል። አሁን አልፌው መምጣቴ ነው። በዚህ በገብሱ ውስጥ ይውረዱ።»

«ሰብሉ እኮ ይረገጣል።»

«ይርገጡት፤ የኔ ነው።»

ቄሱ ወደ ገብሱ ገቡ። ጤዛው እስከ ጉልበታቸው አራሳቸው። ከላይ በመንገዱ ሙላቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ በሬዎቹን ይሳደባል፦ «ሂድ አንተ ቦዘኔ! ሂድ አልኩህ፣ ሆዳም!» በሬዎቹ እኮ ምንም አላጠፉም። ቁልቁለቱን ሁሉ ያ ስድብ ሞላው፤ የሚረገጠው ገብስ ኮሽታ እንኳ አይሰማም ነበር።