የጾመው መክተፊያ

ጆይስ የፋሲካ ዕለት ማለዳ፣ በሬው ተገፎ ሳያልቅ፣ ሳጥን ታቅፋ ከቦዳ ቦዳ ሞተር ወረደች። ሳጥኑ የለስላሳ ማቀዝቀዣ መስሎኝ፣ ለበዓል ይዛልኝ መጣች ብዬ ደስ አለኝ።

"ማማ ዲንቁ፣ እንኳን አደረሰሽ" አለችኝ። አማርኛዋ ከእኔ ቤት የተለቀመ ነው። "ዛሬ ሥጋሽን እመረምራለሁ።"

ጆይስ የካውንቲው አስተዳደር የጤና ተቆጣጣሪ ናት። የኬንያዋ የሜሩ ከተማ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማታበዛ። ሞያሌ ከተመደበች ጀምሮ የተጣላነው በአንድ ነገር ነው፤ በጥሬ ሥጋ። እሷ "አብስዪው" ትላለች፤ እኔ "ቤትሽ ሄደሽ አብስዪ" እላለሁ። ድሮ እሷን መርታት ቀላል ነበር። ከሥጋው ቆንጠር አድርጋ፣ በበረዶ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ናይሮቢ ትልካለች። መልሱ ሲመጣ ሥጋው ተበልቶ፣ አጥንቱ ለውሻ ተጥሎ፣ ቆዳውም ጫማ ሆኗል።

"ምን ይላል?" እላታለሁ።

"መጥፎ ባክቴሪያ ነበረው ይላል።"

"ነበረው? በይ እንግዲህ ሟቹን በሬ ክሰሺው!"

አሁን ግን ሳጥኑን እየደባበሰች፣ "ከእንግዲህ ናይሮቢ አልልክም" አለች። "ሥጋውን በጥጥ እጠርጋለሁ። ጥጡን ቢጫ ውኃ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እከታለሁ። ሳጥኑ ያሞቀዋል። መጥፎው ባክቴሪያ ካለ ሙቀቱ ተመችቶት ይራባል፤ ውኃውም ይጠቁራል። ከሌለ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ስምንት ሰዓት ላይ እናውቃለን።"

"የመቼ ስምንት ሰዓት?"

"የዛሬ።"

ይሄ አልጣመኝም። ሥጋው ሳይበላ የሚመጣ መልስ አይቼ አላውቅም።

ሆቴሌ ከኬላው ወዲህ፣ በኬንያ በኩል ነው። ሆቴል ይባል እንጂ አልጋ የለውም፤ ያለው ሥጋ ነው። ፋሲካ ደግሞ የዓመቱ ቀኔ ነው። ሁለት ወር ሽሮ ሲውጥ የከረመ ነጋዴና ሹፌር፣ ሌሊት በዶሮ ፈትቶ፣ ቀን ለጥሬ ሥጋ እኔ ዘንድ ይመጣል። ጥሬ ካጣ መንገዱን ተሻግሮ ተፎካካሪዬ አብዮት ቤት ይገባል። የአብዮት ሥጋ እንደ ገመድ ነው፤ ግን ሰው አንዴ የሌላ ቤት ወንበር ከለመደ መመለሻው ሩቅ ነው።

ሥጋ ሊበላ ከማለዳው የተሰበሰበው ሰው ጆሮውን አቁሞ ይሰማናል። ሱራ የሚባል ሹፌር፣ አስፋልቱ ከገባ ወዲህ ከቤቴ የማይጠፋ፣ ከወዲያ ጠረጴዛ ጮኸ፦

"እትዬ ዲንቁ፣ ፈራሽ እንዴ?"

"እኔ? የማን ሥጋ ነውና ነው የምፈራው!" ደረቴን መታሁ። "ከብልቃጦቹ አንዱ እንኳ ቢጠቁር፣ ዛሬ ከዚህ ቤት ጥሬ አይወጣም! ማርያምን!"

ሥጋ ቆራጬ ስዩም ቢላዋ ማፋጨቱን አቆመ። እኔ ስምል አይወድም፤ ያውቀኛል።

ጆይስ ጓንት አጠለቀች። ከተሰቀለው ሥጋ ሻኛውንም ጎድኑንም ጭኑንም ጠራረገች፤ ከዚያ ሥጋው ሙቀት ላይ እንዳይውል ማቀዝቀዣ ይግባ አለች። ስዩም ገና ትኩስ የነበረውን ሥጋ እንደ አስከሬን ተሸክሞ አስገባው።

"ጨረስኩ" አለች።

"አልጨረስሽም" አልኳት። "መክተፊያዬንም ጥረጊ።"

ባለፈው ዓመት 'ይህን የተሰነጣጠቀ እንጨት ጥለሽ ፕላስቲክ ግዢ' ብላኝ ነበር። ቂሜ አልወጣልኝም።

"እትዬ፣ እሱ እንኳ ቢቀር..." አለ ስዩም።

"ለምን ይቀራል? ጆይስ፣ ስሚኝ። ይሄ መክተፊያ ከዓቢይ ጾም መያዣ ጀምሮ ሥጋ አልነካውም። ጾሟል! እኛ እንኳ ተደብቀን ዓሣ ቀምሰን ይሆናል፤ እሱ ምንም አልቀመሰ። ከእሱ የጸዳ ምን አለ?"

ቤቱ በሙሉ "እውነት ነው" አለ። የጾመ መክተፊያ ይጠረጠራል? ስዩም ብቻ ጣራ ጣራ ያያል።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ያ ሁሉ ወንድ ቢላዋውን ፊቱ አስቀምጦ፣ እንደ ኳስ ጨዋታ ሳጥኑን ከቦ ተቀመጠ። ሱራ ቢራውን ሳጥኑ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ጆይስ እጁን መታችው። ስድስት ሰዓት ላይ አንዱ በሳጥኑ መስታወት አጮልቆ "ጠቆረ!" ብሎ ቤቱን አስነሣው፤ የገዛ ራሱ ጥላ ነበር።

የግመል ወተት የምትሸጠው ጎረቤቴ ካልቱማ በር ላይ ቆመች።

"እንኳን አደረሳችሁ ልል መጥቼ ነበር። የማን ለቅሶ ነው?"

"ሥጋ እየተመረመረ ነው" አልኳት።

"ሁለት ወር ጾማችሁ፣ አሁን ደግሞ ሥጋ ቆልፋችሁ ትጾማላችሁ? እኛስ ፀሐይ ስትጠልቅ እናፈጥራለን። የእናንተ ፀሐይ ይህች ሳጥን ናት?" ሆዷን ይዛ እየሳቀች ሄደች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጆይስ ሳጥኑን ከፈተች። የሻኛው ብልቃጥ፣ ቢጫ። የጎድኑ፣ ቢጫ። የጭኑ፣ ቢጫ። እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ከድንበሩ ወዲያ ሳይሰማ አልቀረም። እልልታዬ ሳያልቅ ጆይስ የመጨረሻውን ብልቃጥ አወጣች። እንደ አሮጌ የሞተር ዘይት ጠቁሯል።

"ይሄ የምኑ ነው?" አለ ሱራ።

"የመክተፊያው።"

"የጾመው?"

ጆይስ ወደ እኔ ዞረች። "ማማ፣ ይህ እንጨት በጾሙ የት ነበር?"

"ጓዳ ነዋ! ከሰል ጆንያው ላይ። ማንም አልነካውም።"

"ከዶሮዋ በቀር" አለ ስዩም።

"የምን ዶሮ?"

"ቀይዋ። በጾም እንቁላል የሚገዛ የለም ብለሽ አስታቀፍሻት። እሱ ላይ ነው የታቀፈችው።"

"አጥቤዋለሁ እኮ! በሳሙና! በሎሚ!"

"ስንጥቁ ውስጥ ሎሚው አልገባም" አለች ጆይስ፣ "የዶሮዋ ነገር ግን ገብቷል።"

"መክተፊያው ጾሟል፤ ዶሮዋ ናት ያልጾመችው!" አለ ሱራ፣ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም።

"እንግዲህ መክተፊያው ይውጣ" አለ ሱራ እንባውን እየጠረገ። "ሥጋው ቢጫ ነው። ይሰቀልና እየቆረጥን እንብላ።"

ጆይስም ጓንቷን አወለቀች። "እኔ ሁልጊዜ አብስሉ ነው የምለው። የጠረግሁት ቦታ ንጹሕ ነው፤ ያልጠረግሁትን አላውቅም። ግን ዛሬ ቤቱን የምዘጋበት ምክንያት የለኝም።"

"አንቺ የለሽም፤ እኔ አለኝ" አልኩ። "አንዱ እንኳ ቢጠቁር ነው ያልሁት። ምያለሁ። ስዩም፣ መጥበሻውን ጣድ!"

"ኧረ እትዬ ዲንቁ፣ ማርያም ይቅር ትልሻለች!"

"እሷ ይቅር ትላለች። እኔ ነኝ የማልለው።"

ለመኑኝ፤ ተቆጡኝ። በመጨረሻ ሱራ ቢላዋውን አነሣ፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉትና መንገዱን ተሻገሩ። ባዶ ወንበር ብቻ ቀረ። ስዩም ሽንኩርቱን በፕላስቲክ ሳህን ላይ መክተፍ ያዘ።

"ፖሌ፣ ማማ" አለች ጆይስ በስዋሂሊ። አዝናልኛለች።

በመስኮት አየሁ። ሰዎቼ አብዮት በረንዳ ላይ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ነው። አሁን ዝም ብል፣ በፋሲካ ማግስትም እዚያው ናቸው።

"ሐዘንሽን ተዪውና፣ ብልቃጥ ተርፎሻል?"

"ጥቂት አለ።"

"ሳጥኑን ያዢ። ተነሺ።"

ስንደርስ ሱራ ቁራጩን በጥርሱ ይዞ ቢላዋውን ሰንዝሯል።

"ቆይ!" አልኩ። "አብዮት፣ ያንተ መክተፊያ ጾሙን የት ከረመ?"

ያ ሁሉ ጉንጭ ባለበት ቆመ። አብዮት እጁን በሽርጡ ጠረገ።

"እዚያው" አለ።

"እዚያው የት?"

የአብዮት ዓይን ሳይታዘዝ ወደ ጓሮ ሄደ። ከጓሮው በኩል፣ እግዜር ሲፈርድ፣ አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ወጣች።

ጆይስ ጓንቷን አጥልቃ ጥጥ መዘዘች። "አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናውቃለን።"

"ማታ ሦስት?" አለ አንዱ፣ ልቅሶ በሚመስል ድምፅ።

ነፋሱ ያን ጊዜ ከእኔ ቤት በኩል ነፈሰ፤ ስዩም ቅቤውን ለቅቆበታል። ሱራ ሥጋውን ከጥርሱ አውጥቶ ሳህኑ ላይ መለሰና ቢላዋውን አጠፈ።

"እትዬ፣ ጥብሱ ቃሪያ አለው?"

"አለው።"

አንድ በአንድ ተነሡ። እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ፣ አስፋልቱን ተሻገርን። ተቀምጠው ከተሰጣቸው በኋላ አብዮትም በሩ ላይ ብቅ አለ።

"ምርመራው እስኪደርስ ነው" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ስዩም አየኝ። እኔም አብዮትን ወንበር አሳየሁት።