የጭነቱ ብስክሌት ብቻ

ባልና ሚስቱ ብስክሌት መሥራት የጀመሩት ጓሯቸው ውስጥ ነበር። እሱ ይበይዳል፤ እሷ ትገጣጥማለች፣ ትሸጣለች። ውሎ አድሮ ጠባብ ወርክሾፕ ተከራዩ፣ ጥቂት ሠራተኞችም ቀጠሩ። ሠራተኞቹ ባልየውን "መሐንዲሱ" ይሉታል። ትምህርቱ እዚያ አላደረሰውም፤ እርሳስ ግን ከጆሮው ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

ገበያው የሚፈልገው ከኋላው ሰፊ የዕቃ መጫኛ ያለውን ብስክሌት ነው። ዳቦ አከፋፋዮችና ወተት አመላላሾች ይሻሙበታል። መሐንዲሱ ግን በየጊዜው አዲስ ነገር ያወጣል፦ የልጆች፣ የሚታጠፍ፣ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ደግሞ የእሽቅድድሙን ነው። ለእያንዳንዱ ሌላ ጎማ፣ ሌላ ፍሬን፣ ሌላ ኮርቻ ይገዛል። ዕቃው ከመደርደሪያ ተርፎ መተላለፊያውን ያዘው። ሚስቱ በጎኗ እየተንሸራተተች ስታልፍ "ዘንድሮ ካልከሳሁ ሥራ መግባቴም ቀረ" ትል ነበር።

አንድ ከሰዓት የጭነት ብስክሌት ጎማ አለቀ። የዳቦ አከፋፋዩ በር ላይ ቆሟል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ቀጭን የእሽቅድድም ጎማ ነው።

"እትዬ፣ ምን ልበለው?" አለ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ በያጁ።

"ጎማ አልቋል በለው" አለች። አከፋፋዩ አጉረምርሞ ሄደ። እሷም መቆጣት አቃታትና ባሏ አጠገብ ዘፍ አለች።

"ስማኝማ። ከእንግዲህ የጭነቱን ብቻ እንሥራ።"

እርሳሱን አስቀመጠ። "የእሽቅድድሙስ?"

"እሱም ይቅር።"

"ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው'ኮ።"

"አብሬህ ነው የለፋሁት። አሁን ግን ደከመኝ። ገንዘባችን ዕቃ ላይ አልቋል፤ ወይ ይሄ ሁሉ ዕቃ ይወጣል፣ ወይ ከሠራተኞቹ አንዱን እናሰናብታለን። ማሰናበቱ ይሻላል ካልክ በያጁን ራስህ ጠርተህ ንገረው።"

መሐንዲሱ ወደ በያጁ አየት አደረገ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሥራውን ይሠራል።

"ሰውስ አላሰናብትም" አለ በመጨረሻ።

ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ አወጣው፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ለአንድ ብስክሌት ጠጋኝ በርካሽ ሰጥቶት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሚበቃቸውን ያህል ብቻ እየገዙ አንዱን ዓይነት ብቻ መሥራት ያዙ። ደንበኛ በባዶ እጁ መመለሱ ቀረ። ከሥራው የተባረረ ሰው አልነበረም። መሐንዲሱ ግን ቀኑን ሙሉ ያንኑ ሲበይድ ይውልና ቤት ሲገባ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ሚስቱ ሒሳቡን አየች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ የተሰማት ግን እግሯን ዘርግታ የመቀመጥ ፍላጎት ብቻ ነው።

"አትርፈናል" አለችው።

"ጥሩ ነው።"

"ተቀይመኸኛል አይደል?"

"ተቀይሜሽ ነበር" አለ ዓይኑን እያሸ። "አሁን መቀየሙም ደከመኝ።"

ሳቋ አመለጣት። እሱም ፈገግ አለ።

"እሁድ ወርክሾፑን ልክፈትልህ? ያሻህን ሥራ።"

"ኧረ እባክሽ፣ እሁድስ ልተኛበት።"

እሁድ ሁለቱም ረፋዱ እስኪያልፍ ተኙ። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ ምናልባት ደንበኛ ይሆናል። አንዳቸውም አላነሱትም።